ጣና ዳርን ማን ያስተዳድራል? ስለ ሐይቅ ዳር ከተሞችና የዓሣ መንደሮች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከጣና ዳር ነዋሪዎች፣ ከአስጋሪዎችና ስለ ሐይቁ ከሚጨነቁ ሰዎች ደጋግመው የሚነሡትን ጥያቄዎች ከቀላሉ ጀምረን ወደ አስቸጋሪው እንሄዳለን።

ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ ታዲያ የዓሣ መንደር የሚባለው የትኛው ነው?

የባሕር ጠረፍ ባይኖረንም ኑሮው ውሃ ዳር የሆነ ሕዝብ አለን። በጣና፣ በባቱ (ዝዋይ)፣ በሐዋሳ፣ በዓባያና በጫሞ ዳር መረብ ጥለው ልጅ የሚያሳድጉ ሰዎች ይኖራሉ። የጣና ሰው ደግሞ ሐይቁን «ባሕር» ብሎ ነው የሚጠራው። የባሕር ዳር ከተማ ስም ከዚያው የመጣ ነው፤ በበጋ ውሃው ሲሸሽ ብቅ የሚለውን መሬትም ገበሬው «ባሕር ሸሽ» ይለዋል።

እዚህ የምንነጋገረው በተለይ ስለ ጣና ነው። ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተኝቷል። ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 14 ሜትር ነው። ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው ውሃ ከዳር የተደረገበትን ሁሉ ቶሎ ያሳያል። የዳሩ አስተዳደር ጉዳይ የሐይቁ የራሱ ጉዳይ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ጣና ዳር ያሉት ከተሞችና መንደሮች የትኞቹ ናቸው?

በደቡብ ባሕር ዳር አለች፤ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣው በእሷ በኩል ነው። ከእሷ ወደ ምዕራብ ሲሉ በቡናዋና በገዳማቷ የምትታወቀው ዘጌ ትገኛለች። ምዕራቡን ዳር ይዘው ወደ ላይ ሲወጡ ቁንዝላና ደልጊ አሉ፤ በሰሜን ጫፍ ጎርጎራ ናት። ከባሕር ዳር ተነሥቶ ጎርጎራ የሚደርሰው የድሮው መርከብ ዘጌን፣ ደቅ ደሴትን፣ ቁንዝላንና ደልጊን እየነካ ሁለት ቀን ይጓዝ ነበር፤ አዳሩም ቁንዝላ ነበር። የነዚህ ትንንሽ ከተሞች ገበያና ጋብቻ በዚያ መንገድ ተሳስሯል።

በምሥራቅ በኩል የፎገራና የደራ ሜዳ ክረምት ክረምት ውሃ ስለሚተኛበት ከተሞቹ ከዳሩ ራቅ ብለው አውራ ጎዳናውን ይዘዋል። ወረታና አዲስ ዘመን እንዲህ ናቸው። በዚያ በኩል ሐይቁን የሚነኩት የገጠር ቀበሌዎች ናቸው፤ አስጋሪውም አብዛኛውን ጊዜ ገበሬ ነው።

ቀበሌ፣ ወረዳ፣ ማዘጋጃ ቤት፤ የዓሣ መንደርን የሚያስተዳድረው የትኛው ነው?

መንደሩ ገጠር ከሆነ ቀበሌው ነው። ቀበሌው ምክር ቤት፣ ሊቀመንበር፣ ደመወዝ የሚከፈለው ሥራ አስኪያጅ፣ ማኅበራዊ ፍርድ ቤትና የግብርና ባለሙያዎች ይኖሩታል። ከላዩ ወረዳው አለ፤ በጀት የሚመደበውም የዓሣ ባለሙያ የሚቀመጠውም እዚያ ነው። ሐይቁን የሚከቡት ባሕር ዳር ዙሪያ፣ ደራ፣ ፎገራ፣ ሊቦ ከምከም፣ ጎንደር ዙሪያ፣ ደምቢያ፣ ጣቁሳ፣ አለፋና ሰሜን አቸፈር ናቸው። እነዚህ ደግሞ ለተለያዩ ዞኖች ተከፋፍለዋል።

ከተማ ሲሆን ነገሩ ይለያል። ባሕር ዳር የራሷ ከንቲባና ምክር ቤት ያላት የከተማ አስተዳደር ናት፤ ዘጌ፣ መሸንቲና ጢስ ዓባይም በእሷ ሥር ናቸው። ስለዚህ የዘጌ ሰው አቤት የሚለው ለባሕር ዳር ከተማ እንጂ ለገጠር ወረዳ አይደለም። ትንንሾቹ ከተሞች ማዘጋጃ ቤት አላቸው፤ ቦታ መስጠት፣ ገበያና ጽዳት የእነሱ ሥራ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በቀበሌ ደረጃ የተመደቡት የግብርና ባለሙያዎች ስለ ሰብል፣ ስለ ከብትና ስለ አፈር ጥበቃ የሠለጠኑ ናቸው። ዓሣ የተማረ ሰው ከወረዳ ነው የሚመጣው፤ ያውም ሞተር ብስክሌትና ነዳጅ ካገኘ። ጀልባማ ከናካቴው የለውም። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት ምክንያትም በወረቀት ላይ ያለው መዋቅር በየቦታው እንደ ወትሮው ይሠራል ማለት አይቻልም። ጉዳይ ይዘው ከመሄድዎ በፊት ቢሮው ክፍት መሆኑን በስልክ ያጣሩ።

ሐይቁ የማን ነው?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። አንቀጽ 52 ክልሎች የፌዴራል መንግሥት በሚያወጣው ሕግ መሠረት መሬትና የተፈጥሮ ሀብትን እንዲያስተዳድሩ ሥልጣን ይሰጣል። አንቀጽ 51 ደግሞ ሁለትና ከዚያ በላይ ክልሎችን የሚያስተሳስሩ ወይም ድንበር የሚያቋርጡ ውሆችን አጠቃቀም የሚወስነው የፌዴራል መንግሥት ነው ይላል።

ጣና እንዳለ አማራ ክልል ውስጥ ነው። ከጣና የሚወጣው ዓባይ ግን ቤንሻንጉል ጉሙዝን አቋርጦ ሱዳን ይገባል። ስለዚህ ውሃው የፌዴራል ጉዳይ ሆነ፤ ዓሣው የክልል፤ የዳሩ መሬት የወረዳና የቀበሌ፤ ከተማ ላይ ሲደርስ ደግሞ የማዘጋጃ ቤት። ሰው የሚያመላልስ የሞተር ጀልባ ደኅንነትና ምዝገባ እንደገና ወደ ፌዴራል ይመለሳል፤ ወደ ማሪታይም ባለሥልጣን። ይህን አንድ ጊዜ የያዘ ሰው ከዚህ በታች ያሉት መልሶች አይጠፉትም።

ዓሣ ለማስገር ፈቃድ ያስፈልጋል? የሚሰጠውስ ማን ነው?

ለገበያ የሚያሰግር ሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 መነሻው ነው፤ ክልሉም በዚያ ላይ ተመሥርቶ የራሱን አዋጅና ደንብ አውጥቷል። በተግባር ግን በር የሚያንኳኩት ወረዳው ላይ ነው፤ የእንስሳትና ዓሣ ሀብት ሥራን የያዘው ጽሕፈት ቤት ጋ። የቀበሌ ነዋሪነት መታወቂያ ይዘው ይሂዱ፤ በማኅበር ከሆነ ደግሞ የማኅበሩን ምዝገባ።

ፈቃድ ያለው ሰው ያሻውን መረብ ይጥላል ማለት አይደለም። የመረቡ ዓይን ስፋት፣ የሚጣልበት ቦታና ወቅት ሁሉ በሕግ የተወሰነ ነው። መርዝና ፈንጂ በማንኛውም ሁኔታ የተከለከለ ነው። በተለይ ከድንበር ማዶ በድብቅ የሚገባው፣ ከአንድ ነጠላ የፕላስቲክ ክር የተሠራው ሞኖፊላመንት መረብ ብዙ ጉዳት አድርሷል። ርካሽ ነው፤ ውሃ ውስጥ አይታይም፤ ጫጩቱን ሳይቀር ይሰበስባል። ሲበጠስ ደግሞ ስለማይበሰብስ ሐይቁ ውስጥ ተጥሎ ዓሣ መግደሉን ይቀጥላል። ርካሽ መረብ የገዛ አስጋሪ የነገ ልጁን ምሳ ነው የበላው፤ ይህን የምለው ድህነቱን ረስቼ አይደለም።

ማኅበር ካልገባሁ ማስገር አልችልም ማለት ነው?

በግልም ፈቃድ አውጥቶ ማስገር ይቻላል። ማኅበር የሚጠቅመው በሌላ በኩል ነው፤ ብድር፣ ጀልባ፣ ማቀዝቀዣና የመሸጫ ቦታ ለብቻ ለቆመ ሰው አይደርሰውም።

የዘመኑ የጣና ዓሣ ሥራ የተጀመረውም በማኅበር ነው። እስከ 1970ዎቹ ዓ.ም መጨረሻ ድረስ ማስገር ማለት ከደንገል የተሠራ ታንኳ፣ አጭር መረብና ከዳር ያልራቀ ጉዞ ነበር። ከዚያ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና በሆላንዳውያን እርዳታ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ፤ ባሕር ዳር ላይ አስጋሪዎች ተደራጁ። ሐይቁን እስከ መሐል መድረስ የተቻለው ያኔ ነው። ብዙ ቤተሰብ ከችግር ወጣ። የዓሣው ቁጥር ላይ ጫናው የተጀመረውም ከዚያው ነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መተው አይገባም።

ክረምት ላይ ማስገር የሚገደበው ለምንድን ነው? ዓሣው የሚበዛው ያኔ አይደለም እንዴ?

የሚበዛው ያኔ ስለሆነ ነው። ጣና ውስጥ ለገበያ የሚወጡት ሦስት ዓይነት ናቸው፤ ቆሮሶ (ቲላፒያ)፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። ነጭ ዓሣ ብለን በአንድ ስም የምንጠራው በእውነቱ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ተመራማሪዎች ከደርዘን በላይ የሆኑ ዝርያዎችን ለይተዋል፤ አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። ተመሳሳይ የዓሣ ቤተሰብ በፊሊፒንስ ላናኦ በሚባል ሐይቅ ውስጥ ነበር፤ እዚያ ጠፍቷል። የቀረው የእኛ ነው።

ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች ብዙዎቹ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ሐይቁ ውስጥ አይደለም። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በሌሎቹ ወንዞች አፍ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ ውሃውን ሽቅብ ወጥተው ጠጠር ያለበት ንጹሕ ውሃ ፈልገው ይራባሉ። የወንዝ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው እናቲቱን ከነእንቁላሏ ያወጣል። በአንድ ሌሊት ጀልባ ይሞላል፤ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ግን ባዶ መረብ ይጎትታል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 በተደረገ ክትትል ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ዓሦች ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱ ታይቷል።

ብርብራ የሚባለው ዛፍም አለ። ፍሬውን ወቅጦ ወንዝ ውስጥ መጨመር የቆየ የማስገሪያ ዘዴ ነው፤ ትልቁንም ትንሹንም አደንዝዞ ያንሳፍፈዋል። አያቶቻችን ሲያደርጉት ሰውም ጥቂት ነበር፣ ወንዙም ሙሉ ነበር። ዛሬ በጋ ላይ ወንዙ በመስኖ ፓምፕ ተጠጥቶ በየጎድጓዳው ቀርቷል፤ አሸዋውና ጠጠሩ ለግንባታ እየተጫነ ይሄዳል። በዚህ ላይ ብርብራ ሲጨመርበት የሚተርፍ የለም።

እዚህ ላይ የአስተዳደሩ ችግር ይመጣል። ዓሣው የሚራባበት የርብ ወይም የጉማራ ዳር ቀበሌ ከሐይቁ ራቅ ያለ፣ አስጋሪ የሌለበት፣ ስለ ዓሣ ስብሰባ ተጠርቶ የማያውቅ ቀበሌ ሊሆን ይችላል። ደልጊ ላይ ያለው አስጋሪ የሚኖረው ፎገራ ላይ ያለው ገበሬ ጠጠሩን ባለመነካካቱ ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ወንበር ግን አንድም የለም። እኔ ስለ ጣና ዳር አስተዳደር አንድ ነገር ብቻ ተናገር ብባል የምናገረው ይህንን ነው።

ዓሣ የሚወደደው ለምን በጾም ነው? ዋጋውን የሚቆጣጠር አካል አለ?

በዐቢይ ጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች እንተወው፤ ገበያው ግን በጾም ወቅት እንደሚሞቅ የታወቀ ነው። ሥጋ ቤት ሲዘጋ ምግብ ቤቱ ሁሉ ወደ ዓሣ ይዞራል። በሌላው ጊዜ ደግሞ ከከተማ ራቅ ካሉ የጀልባ ማረፊያዎች የሚወጣው ዓሣ በረዶ ስለማያገኝ ተሰንጥቆ፣ በፀሐይ ደርቆ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሲሄድ ኖሯል። ዋጋ የሚወስነው ገዢና ሻጭ ነው። አስጋሪው ላይ ዋጋ የሚጥልበት የማቀዝቀዣ አለመኖር ነው፤ ዓሣ ስለማይቆይለት የተሰጠውን ይቀበላል። ማረፊያው ላይ ጥላ፣ ንጹሕ ውሃና በረዶ ማቅረብ ማዘጋጃ ቤት ወይም ወረዳ ሊሠራው የሚችል ነገር ነው፤ በምክር ቤት ስብሰባ ላይ መጠየቅም ተገቢ ነው።

መረቤ ወይም ጀልባዬ ተይዞብኛል፤ የት ልሂድ?

የያዘው ማን እንደሆነ መጀመሪያ ይለዩ። በሕግ ሥልጣን የተሰጠው የዓሣ ሀብት ተቆጣጣሪ ነው፤ ፖሊስ ከእሱ ጋር ሊሠራ ይችላል። የተያዘው ንብረት ዓይነትና ብዛት ተጽፎ፣ ተፈርሞ ቅጂው እንዲሰጥዎ በትሕትና ግን አጥብቀው ይጠይቁ። ወረቀት የሌለው ንብረት ነገ ምስክር የለውም።

ከዚያ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ ቀጥሎ ወደ ወረዳው ቅሬታ ሰሚ አካል ይሂዱ። በአስተዳደር በደል ላይ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም አቤቱታ ይቀበላል፤ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው። መረቡ በእርግጥ የተከለከለ ዓይነት ከሆነ ግን አይመለስልዎትም፤ ያንን ተከራክሮ ጊዜ ከማባከን ሕጋዊውን ለመግዛት ከማኅበሩ ብድር መጠየቁ ይሻላል። ሁለት አስጋሪዎች መረብ ተቆራረጡ፣ ተሰራረቁ የሚባለው ጠብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሽማግሌ ያልቃል፤ ካላለቀ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት አለ።

ባሕር ሸሽ መሬት የማን ነው?

ብዙ ክርክር ያለበት ጥያቄ ነው። ከጥር በኋላ ውሃው ወደ ኋላ ሲል ዳር ላይ ለም ጭቃ ይቀራል፤ ገበሬው እየተከተለ ሽምብራ፣ ጓያ፣ በቆሎ ወይም ሌላ ይዘራበታል። ክረምት ሲመጣ ውሃው ተመልሶ ይሸፍነዋል። ሐይቁ የመንግሥትና የሕዝብ ነው ካልን ይህ መሬት በሐምሌ ሐይቅ ነው፣ በየካቲት እርሻ ነው።

በክልሉ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252/2009 መሠረት መሬት የሚያዘው በይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ማሳው ደብተርዎ ላይ አለ ወይ የሚለው ነው። ደብተር ላይ ያልሰፈረ ባሕር ሸሽ የወል ወይም የመንግሥት ይዞታ ተብሎ ነው የሚታየው፤ ስንት ዓመት እንዳረሱት መናገር ብቻውን ባለይዞታ አያደርግም። ጉዳዩን መጀመሪያ የሚያየው የቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ነው፤ ከዚያ ወረዳው።

ይህ ለአስጋሪው ምኑ ነው? ብዙ ነው። ዳሩ ላይ የነበረው ደንገልና ሣር የቆሮሶና የአምባዛ ጫጩት ማደጊያ ነው። ደንገሉ ተቆርጦ ሩዝ ወይም ሽምብራ ሲዘራ ጫጩቱ ቤት ያጣል፤ ወንዝ ያመጣው ደለልም የሚያጣራው ሲያጣ በቀጥታ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ታንኳ ሠሪውም ደንገል ፍለጋ ሩቅ ይሄዳል። ታንኳ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድና ስለሚበሰብስ ቶሎ ቶሎ መታደስ አለበት፤ ደንገል የሌለበት መንደር ታንኳ አይኖረውም።

እንቦጭን ማጥፋት የማን ኃላፊነት ነው?

እንቦጭ የተባለው የውሃ አረም ጣና ላይ በይፋ የታወቀው በ2003 እና 2004 ዓ.ም አካባቢ ነው። አብዝቶ የያዘው ሰሜናዊና ምሥራቃዊ ዳሩን ነው፤ ደምቢያን፣ ጎንደር ዙሪያን፣ ሊቦ ከምከምንና ፎገራን። ከየወንዙ የሚመጣው ደለልና ከማሳ የሚታጠበው ማዳበሪያ የሚወርደው በዚያ በኩል ስለሆነ አረሙ ቀለብ አላጣም። ክልሉ ለጣናና ለሌሎች የውሃ አካላት ጥበቃ የተለየ መሥሪያ ቤት አቋቁሟል፤ ፌዴራል መንግሥትም፣ ዩኒቨርሲቲዎችም ገብተውበታል። ያም ሆኖ ጭቃ ውስጥ ቆሞ በእጁ የነቀለው የዳሩ ገበሬና አስጋሪ ነው፤ ቀበሌው እየቀሰቀሰው፣ ብዙ ጊዜ ያለ ቦቲ ጫማና ያለ ጓንት።

የተነቀለው አረም የት ይጣል የሚለውን ቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። ዳር ላይ ተከምሮ የቀረ እንቦጭ ክረምት ሲመጣ ውሃው መልሶ ይወስደዋል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ ይበቅላል። የማስወገጃ ቦታ መስጠት የቀበሌና የወረዳ ሥራ ነው። በዘመቻ ቀን ሰው ከመጥራት በፊት መደረግ የነበረበትም ይኸው ነበር።

ውጭ አገር ነው የምኖረው፤ ለጣና እርዳታ ብልክ የት ይደርሳል?

በሰሜን አሜሪካና በሌሎች አገሮች ያሉ ኢትዮጵያውያን ገንዘብ አዋጥተው የእንቦጭ ማጨጃ ማሽን ጭምር ልከዋል፤ ይህ የሚያስመሰግን ነው። ከዚያ የተገኘው ትምህርት ደግሞ እንዳይረሳ። ማሽን ነዳጅ፣ መለዋወጫና ጥልቀት ያለው ውሃ ይፈልጋል፤ እንቦጩ የሚበረታው ግን ጀልባ እንኳ በማይገባበት ጭቃ ዳር ነው። ከመላክዎ በፊት ዳሩ ላይ ያለውን ሰው ይጠይቁ። ቦቲ ጫማ፣ ጓንት፣ ሹካና የሕክምና መሣሪያ፣ ለአስጋሪ ማኅበር ደግሞ ሕጋዊ መረብና የበረዶ ሣጥን ከአንድ ትልቅ ማሽን የበለጠ የሚሠራበት ቦታ አለ።

የሐይቁን ውሃ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ማን ነው? ቀበሌያችን ሊናገር ይችላል?

ዝናብና ትነት ዋናዎቹ ናቸው፤ ከ1980ዎቹ ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ ግን የሰው እጅም አለበት። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ላይ የተሠራው የጫራ ጫራ ማገጃ ውሃው ለኃይል ማመንጫ እየተመጠነ እንዲወጣ ያደርጋል። ግንቦት 2002 ዓ.ም ሥራ የጀመረው 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ደግሞ በምዕራብ በኩል፣ ከቁንዝላ አካባቢ ውሃ ወስዶ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይለቅቃል። በ1995 ዓ.ም ሐይቁ እጅግ ዝቅ ብሎ መርከብ መሄድ አቅቶት እንደነበር የዚያን ጊዜ ሰው ያስታውሳል።

ስለ ውሃው መጠን የሚወሰነው በፌዴራል ደረጃ ነው። ቀበሌ በዚያ ውሳኔ ላይ ድምፅ የለውም። አንድ ክንድ ውሃ ሲወርድ ግን የታንኳ ማረፊያው ጭቃ የሚሆንበት፣ ባሕር ሸሹ ሰፍቶ የድንበር ጠብ የሚነሣበት እሱ ቀበሌ ነው። ቢያንስ ውሃው የሚለቀቅበት ወቅት ለዳር ቀበሌዎች አስቀድሞ እንዲነገር መጠየቅ ተገቢ ነው። የቀበሌ ምክር ቤት ጥያቄውን በቃለ ጉባኤ ይዞ በወረዳ በኩል ሊያቀርበው ይችላል፤ በቃል የተነገረ ጥያቄ ከወረዳ በላይ አይሻገርም።

ከተማው ሲያድግ፣ ሪዞርት ሲሠራ አስጋሪው የት ይሄዳል?

ባሕር ዳር ላይ የሐይቁ ዳር ውድ መሬት ሆኗል። ሆቴል፣ መናፈሻና የእግር መንገድ ሲሠራ ታንኳ የሚታሠርበት፣ መረብ የሚሰጣበት ቦታ እየጠበበ ይሄዳል። በዚህ በቀዳሚነት የተጎዱት ነገደ ወይጦዎች ናቸው። ከሐይቁ ዳር ኖረው፣ ደንገል ቆርጠው፣ ታንኳ ሠርተው፣ ዓሣ አስግረው የኖሩ ናቸው፤ በጥንት ጊዜ ጉማሬ ያደኑ ነበር። ማረሻ መሬት ስላልነበራቸው ደብተርም አልነበራቸውም፤ ደብተር የሌለው ሰው ሲነሣ ካሣ የሚጠይቅበት ወረቀት የለውም። ይህን እንደ ተራ የአሠራር ክፍተት ማየት ይከብደኛል።

ጎርጎራም በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ተለውጣለች። እንግዳ መምጣቱ ለዓሣ ገበያ ጥሩ ነው፤ የሚጠቅመው ግን አስጋሪው ወደ ውሃው የሚደርስበት መንገድ በፕላኑ ላይ ሲሰመርለት ነው። የከተማ ፕላን ከመጽደቁ በፊት ነዋሪ አስተያየት የሚሰጥበት ጊዜ አለ። በዚያ ስብሰባ ላይ ማረፊያችን ካርታው ላይ የቱ ጋ ነው ብሎ ጣት ማሳየት ያስፈልጋል። ካርታ ላይ ያልተሣለ ማረፊያ ከጸደቀ በኋላ አይገኝም።

ገዳማቱስ? ሥልጣን አላቸው?

በመንግሥት መዋቅር ውስጥ የሉም፤ ቃላቸው ግን ይሰማል። ዘጌን ይመልከቱ። በትውፊቱ አቡነ በትረ ማርያም ቦታው ያለ ማረሻ እንዲኖር ቃል ተቀበሉ ይባላል፤ በዚህም ምክንያት በበሬ አይታረስም፣ ሰዉ በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ይኖራል። ጣና ዳር ደን ያለው ቦታ ስንፈልግ ዓይናችን የሚያርፈው እዚያው ነው። ማንኛውም የመንግሥት ደንብ ይህን ያህል ዘመን ተከብሮ አልቆየም። የወንዝ አፍ እንዳይነካ ከተፈለገ ከተቆጣጣሪው ጋር የደብሩን አስተዳዳሪ መያዝ ብልህነት ነው።

ሐይቁ ሁለት ክልል ሲያዋስንስ?

ጣና በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው። ሐዋሳ ሐይቅን ብናይ ሲዳማ ሰኔ 2012 ዓ.ም ክልል ከሆነ ወዲህ አንዱ ዳር ሲዳማ፣ ሌላው ዳር ኦሮሚያ ነው። አሞራ ገደል ገበያ ላይ የሚሸጠው ዓሣ ከየትኛው ዳር እንደተያዘ ዓሣው አይናገርም። አንዱ ክልል መረብ ሲከለክል ሌላው ካልከለከለ ክልከላው ዋጋ የለውም። እንዲህ ያለው ሐይቅ በአንቀጽ 51 መሠረት የፌዴራል መንግሥትን ይመለከታል፤ የዕለት ተዕለት ቁጥጥሩ ግን በሁለቱ ክልሎች ስምምነት ላይ የቆመ ነው።

ታዲያ አንድ ሐይቅ በአንድ አካል ቢተዳደር አይሻልም?

ብዙ ሰው ይህን ይላል፤ ምክንያትም አለው። ሰኔ 2007 ዓ.ም ዩኔስኮ ጣናን ከአካባቢው ጋር የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ ሲመዘግብ ሐሳቡ ዳሩን፣ ወንዙንና ውሃውን በአንድ ዓይን ማየት ነበር። ከላይ አዲስ መሥሪያ ቤት በመጣ ቁጥር ግን ቀበሌው ላይ የሚደርሰው ሌላ የሪፖርት ቅጽ ነው፤ ጀልባና ነዳጅ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ መሳተፍ እንዲችል ለታችኛው እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። ከዚያ ቢጀመር ይሻላል ባይ ነኝ።

ቢሠራ ብዬ የማስበው ይህ ነው። በየወንዙ አንድ ጉባኤ ይኑር፤ ለርብ አንድ፣ ለጉማራ አንድ፣ ለመገጭ አንድ። የላይኛው ወንዝ ቀበሌዎችና የታችኛው ሐይቅ ዳር ቀበሌዎች፣ የአስጋሪ ማኅበሩና የዓሣ ባለሙያው አብረው ይቀመጡ፤ ወይጦዎችም ወንበር ይኑራቸው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ በሰኔ ዓሣው ወንዝ ከመውጣቱ በፊት፣ ሌላው በጥር ባሕር ሸሹ ከመታረሱ በፊት። የሰኔው ስብሰባ መረብ ከየት እስከ የት እንደማይጣል፣ ጠጠር ከየትኛው መታጠፊያ እንደማይጫን ይወስን፤ የጥር ወሩ ደግሞ ደንገሉ የቱ ጋ እንደሚቀር። የሚያስፈልገው ወጪ የአንድ ጀልባ ነዳጅና የሁለት ቀን አበል ነው።